ቤቱን ለባልንጀራው ያስያዘ መንደር



ለገበሬ ቤቱና መሬቱ የመጨረሻ ሀብቱ ናቸው። በሬው ቢሞት ከጎረቤት ተውሶ ያርሳል፤ እህሉ ቢያልቅ ተበድሮ ይዘራል፤ ቤቱና መሬቱ ከእጁ የወጡ እንደ ሆነ ግን በተወለደበት ቀዬ እንግዳ ሆኖ ይኖራል። በመጽሐፈ ነህምያ በምዕራፍ 5 እንደምናነበው፣ በራብ ዘመን እህል ለመግዛት ሲሉ እርሻቸውንና ቤታቸውን ያስያዙ ሰዎች ጩኸት፣ ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር በመሥራት ላይ ሳለ ደርሶት እጅግ አስቈጥቶታል። ፍትሐ ነገሥታችንም አራጣን የሚከለክለው ይህንኑ መከራ ዐውቆ ነው።

ስለዚህ ቤትን ማስያዝ የሚል ቃል ስንሰማ በጎ ነገር ወደ ልባችን አይመጣም። ነገር ግን የገጠር አባወራዎች፣ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ እያንዳንዳቸው ቤታቸውንና መሬታቸውን ለባልንጀራቸው ዕዳ ዋስ አድርገው ያቆሙበትና በዚሁ ምክንያት ቤታቸውን ከአራጣ አበዳሪ ያዳኑበት ታሪክ አለ። ዛሬ በየገጠሩ የቁጠባና የብድር ማኅበር የሚባለው ሁሉ አንዱ ሥሩ ከዚያ የሚመዘዝ ስለ ሆነ፣ በዚህ ወር ስለ አጀማመሩ ልንጽፍ ወደድን። የውጭውን አገር ታሪክ ስንናገር ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ በራሳችን አቈጣጠር እናስቀምጣለን።

ነገሩ የተጀመረው በጀርመን አገር፣ ከራይን ወንዝ በስተ ምሥራቅ፣ ቬስተርቫልድ በሚባለው ደጋ ነው። አገሩ ብርዳም፣ አፈሩም ስስ ነው። መሬቱ ከአባት ወደ ልጆች ሲተላለፍ እየተቈራረሰ ስለሚሄድ ብዙው አባወራ የሚያርሰው ጥቂት ማሳ ብቻ ነበር። ላም መግዛት ያልቻለ ገበሬ ከከብት ነጋዴ ላም ይቀበላል፤ እርሱ ይቀልባታል፣ ይጠብቃታል፤ ትርፉ ግን በአብዛኛው ወደ ባለላሚቱ ያዘነብላል። በአገራችን ርቢ ከሚባለው ውል ጋራ የሚመሳሰል ነው፤ ሆኖም በዚያ አገር ገበሬው ከዚሁ ነጋዴ ዘርና ገንዘብም ስለሚበደር፣ አንዱ ዕዳ ሌላውን እየወለደ በመጨረሻ ማሳውና ቤቱ በሐራጅ ይሸጡ ነበር።

ይህን ነገር ለመለወጥ የተነሣው ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ራይፋይዘን፣ ማርች 30 ቀን 1818 በዚሁ ደጋ፣ ሃም በምትባል መንደር ተወለደ። ቤተ ሰቡ ዘጠኝ ልጆች የነበሩበትና የተቸገረ ስለ ነበረ ከፍ ወዳለ ትምህርት ቤት ሊልኩት አልቻሉም፤ ዕውቀት የጨመረለት የመንደሩ ካህን ነው። በ17 ዓመቱ ወታደር ሆነ፤ ነገር ግን ዓይኑ እየታመመ ስላስቸገረው በ1843 ሠራዊቱን ትቶ ወደ አስተዳደር ሥራ ገባ። በ1845፣ ገና ወጣት ሳለ፣ ቫየርቡሽ በምትባል ስፍራ በ22 መንደሮች ላይ ሹም ሆኖ ተሾመ።

በተሾመ በዓመቱ ራብ ሆነ። ድንቹን በሽታ መታው፤ የ1846 እህልም ከሸፈ፤ የዳቦ ዋጋ ናረ። መንግሥት ዱቄት ላከ፤ ትእዛዙ ግን ዱቄቱ በእጅ በእጅ ለሚከፍል ሰው ብቻ ይሸጥ የሚል ነበር። በእጁ ገንዘብ ያለው ሰው ቀድሞውንስ መቼ ተራበ? ወጣቱ ሹም ትእዛዙን ተላልፎ ዱቄቱን ለድኾች በዱቤ ሰጠ። ቀጥሎም ካላቸው ሰዎች ገንዘብ አሰባስቦ የዳቦ ማኅበር የተባለውን አቋቋመ፤ ማኅበሩም እህል ከሩቅ አስመጥቶ በመንደሩ በተሠራ የጋራ ምድጃ እያስጋገረ፣ ከገበያው ዋጋ እጅግ በረከሰ ሒሳብ አከፋፈለ። መከር በደረሰ ጊዜ ሰዎቹ ዕዳቸውን መለሱ። ራይፋይዘን ከዚህ ያገኘው ትምህርት ከዳቦው ይልቅ ለኋላ ዘመን ጠቅሞታል፤ ድኻ በወቅቱ ከታመነና ጊዜ ከተሰጠው ዕዳውን እንደሚከፍል በዓይኑ አየ።

በ1848 ወደ ፍላመርስፌልድ ተዛወረ። በዚያ ደግሞ የራቡ ዘመን ቢያልፍም የከብቱ ዕዳ አላለፈም ነበርና በ1849 መጨረሻ ገደማ 60 የሚሆኑ ባለሀብቶችን አሰባስቦ ለችግረኛ ገበሬዎች የሚረዳ ማኅበር አቋቋመ። ባለሀብቶቹ በንብረታቸው በአንድነት ዋስ ሆነው ገንዘብ ተበደሩ፤ በዚያ ገንዘብ ማኅበሩ ላም እየገዛ ለገበሬው ይሰጣል፤ ገበሬው ዋጋዋን በ5 ዓመት ከፍሎ ይጨርሳል። ላሚቱ ከጅምሩ የገበሬው ስለ ሆነች ጥጃዋም ወተቷም ለልጆቹ ሆነ። ኋላም ማኅበሩ ከላም ሌላ ጥሬ ገንዘብ ማበደር ጀመረ። ደጉን አገር ከራይን ወንዝ ጋራ የሚያገናኘውን መንገድ ያሠራውም በዚህ ዘመን ነው፤ ገበሬ እህሉን ወደ ገበያ የሚያደርስበት መንገድ ከሌለው ብድሩን ከምን ይከፍላል?

በ1852 በኖይቪድ ከተማ አጠገብ ወዳለችው ሄደስዶርፍ ተዛወረ፤ በ1854 ደግሞ ሦስተኛውን ማኅበር አቋቋመ። ይህ የበጎ አድራጎት ማኅበር ሲሆን ሐሳቡ ሰፊ ነበር፤ ጠያቂ ያጡ ሕፃናትን ማሳደግ፣ ከእስር ቤት የወጡትን መርዳት፣ ሥራ ለሌላቸው ሥራ መፈለግ፣ ለሕዝቡ ቤተ መጻሕፍት ማቋቋም፣ በዚያም ላይ ገንዘብ ማበደር። ራይፋይዘን ይህን ሁሉ የጀመረው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25፣ ለታናናሾች የተደረገው ለጌታ እንደ ተደረገ የተነገረውን ይዞ ነው። ሆኖም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላው ሥራ ሁሉ እየተቀዘቀዘ ሄዶ የቀረው ብድሩ ብቻ ሆነ።

ለምን ተቀዘቀዘ ብለን ብንመረምር ምክንያቱ በማኅበሩ አሠራር ውስጥ ይገኛል። በዚህ ማኅበር ዋስ የሚሆነው ባለጸጋው ነው፤ የሚበደረው ድኻው ነው። ባለጸጋው ቤቱን ለማያገኘው ጥቅም አስይዟል። በመጀመሪያው ዓመት ራቡ ትዝ ስለሚለው ደስ ብሎት ይፈርማል፤ በአምስተኛው ዓመት ግን ልጁን ሊድር ወይም ርስት ሊገዛ ሲያስብ ስሙ በዋስነት መዝገብ ላይ እንዳለ ትዝ ይለውና ይሰጋል። ድኻው ደግሞ ተበዳሪ እንጂ ማኅበርተኛ ስላልሆነ፣ ማኅበሩ ቢከስር የሚጐዳው ሌላ ሰው ነው፤ ጎረቤቱ ብድሩን በመጠጥ ቢያጠፋው አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ምጽዋት የታመመውንና የተራበውን ያነሣል፤ ይህን አንክድም። የአንድን መንደር ገበሬ ሁሉ የዘርና የከብት ብድር ለዘወትር ይሸከማል ማለት ግን አይደለም። ራይፋይዘን ይህን የተቀበለው በግድ ነው፤ ልቡ በምጽዋቱ ማኅበር ላይ ነበረና።

ስለ ሆነም በ1862 አንሐውዘን በምትባል መንደር፣ በ1864 ደግሞ በሄደስዶርፍ አዲስ ሥርዓት ተጀመረ። ከእንግዲህ ወዲህ ለመበደር የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ማኅበርተኛ ይሆናል፤ ማኅበርተኛ የሆነም ሁሉ ባለው ንብረት በሙሉ፣ ከቤቱ እስከ ማሳው፣ ለማኅበሩ ዕዳ ኃላፊ ነው። ገደብ የሌለው ኃላፊነት ይሉታል። ይህ ለመስማት የሚያስፈራ ነው፤ ስለዚህ እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት ልናብራራ ይገባናል።

በአንድ ደብር ዙሪያ 50 አባወራዎች አሉ እንበል። አንዱ ብቻውን ወደ ከተማ ወርዶ ገንዘብ ቢጠይቅ፣ አበዳሪው ሰውየውን ስለማያውቀው ወይ አይሰጠውም፣ ወይም ስለ ሥጋቱ ከባድ ወለድ ይጭንበታል። 50ው ግን ቤትና መሬታቸውን አንድ ላይ ዋስ አድርገው ቢቀርቡ፣ አበዳሪው የሚፈራው ነገር ስለማይኖር በቀላል ወለድ ይሰጣል። ገንዘቡን ከወሰዱ በኋላ ለማን ይሰጥ፣ ለምን ይሰጥ የሚለውን ራሳቸው ይመረምራሉ። የከተማው ሰው የማያውቀውን እነርሱ ያውቃሉ፤ ማን ታታሪ እንደ ሆነ፣ የማን ላም እንደምትታለብ፣ ማን ከገበያ ሲመለስ መጠጥ ቤት እንደሚያመሽ ከእነርሱ የተሰወረ የለም። አንዱ ባይከፍል ቤታቸው የሚነካው የሁሉም ስለ ሆነ ዕውቀታቸውን በዝምታ አይቀብሩትም። ባለጸጋውም ቢሆን ድምፁ እንደ ድኻው አንድ ብቻ ነው፤ ቤቱ ትልቅ ስለ ሆነ ሥጋቱም ትልቅ ነውና ዓይኑን ከመዝገቡ አይነቅልም።

ከዚህ የተነሣ ራይፋይዘን ማኅበሩ ከአንድ ደብር ወሰን እንዳያልፍ አጥብቆ ያዘ። ማኅበሩ የሚበልጥ ገንዘብ እንዲያገኝ ወሰኑን እናስፋ የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ እርሱ ግን ሰው ሰውን የማያውቅበት ማኅበር ቤትን ማስያዝ አይገባውም ባይ ነበር። እኛም በዚህ ነገር ፍርዱ የቀና ይመስለናል።

የቀረው ሥርዓት ሁሉ ከዚህ የሚከተል ነው። ብድሩ ለማኅበርተኛ ብቻ ይሰጣል፤ ለምን ሥራ እንደ ተወሰደ ይጻፋል፤ ለላም የተወሰደው ገንዘብ ለሰርግ ድግስ ቢውል ማኅበሩ የ4 ሳምንት ጊዜ ሰጥቶ መልስ ብሎ ይጠይቃል። የመክፈያው ጊዜ ረዥም ነው፤ እስከ 10 ዓመት የሚደርስ አለ፤ መሬት እንደ ሱቅ ዕቃ በሦስት ወር ትርፍ አይሰጥምና። የተገኘው ትርፍ ለማኅበርተኞች አይከፈልም፤ በማይከፋፈል የመጠባበቂያ ገንዘብ ላይ ይጨመራል፤ ማኅበሩ ቢፈርስ እንኳ ሰዎቹ ተካፍለው ሊሄዱ አይችሉም። ይህን የመሰለ ሕግ ባይኖር ኖሮ መጠባበቂያው ሲጠራቀም ማኅበሩን አፍርሶ ገንዘቡን ለመካፈል የሚጓጓ አይጠፋም ነበር። አስተዳዳሪዎቹም ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ፤ የሚከፈለው ለገንዘብ ያዡ ብቻ ነበር። በብዙ መንደርም ገንዘብ ያዥ የሚሆነው የትምህርት ቤቱ መምህር ነው። የመምህር ደመወዝ በየትም አገር ያው ነውና፣ ትንሿ ጭማሪ ሳትጠቅመው አትቀርም ብለን እንገምታለን።

አንባቢያችን ይህ ከዕቁብና ከዕድር በምን ይለያል ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ዕድር ለኀዘን ቀን የተሠራ ነው። ዕቁብ ደግሞ ገንዘቡን በዕጣ ስለሚሰጥ በሬው የሞተበት ሰው ዕጣው ለመጨረሻ ጊዜ ሊወጣለት ይችላል፤ ገንዘቡም ራሳቸው ካዋጡት አያልፍም። የቬስተርቫልዱ ማኅበር ከማኅበርተኞቹ ቁጠባ በላይ ከውጭ ገንዘብ ያመጣል፤ ያመጣውንም በዕጣ ሳይሆን ችግርንና ሥራን መርምሮ ይሰጣል። የሚያመሳስላቸው ግን አለ፤ በሦስቱም ዘንድ ዋናው መያዣ የጎረቤት ዓይን ነው።

ተቃዋሚም አልታጣም። በዚያው ዘመን ለከተማ ባለእጆችና ነጋዴዎች የብድር ማኅበር ያቋቋመው ሄርማን ሹልትሰ ዴሊች የተባለው የታወቀ የሕግ ሰው ከራይፋይዘን ጋራ በጽሑፍም በሸንጎም ተከራከረ። ማኅበርተኛው የአክሲዮን ድርሻ ይግዛ፣ ትርፍም ይከፈለው፤ ደግሞም ሰዎች በፈለጉት ጊዜ የሚያወጡትን የቁጠባ ገንዘብ ለ10 ዓመት ማበደር አደገኛ ነው አለ። ይህ ሁለተኛው ነገር ከንቱ ክርክር አልነበረም። ቁጠባ አስቀማጮች ሁሉ በአንድ ቀን ገንዘባችንን ቢሉ ማኅበሩ ከየት ያመጣል? ራይፋይዘንም የሰጠው መልስ፣ ገንዘብ የተረፈው መንደር ለጐደለው የሚያበድርበትን ማዕከል በ1872 በኖይቪድ ማቋቋም ነው። በድርሻው ነገር ግን አልተበገረም፤ ሕጉ ድርሻ የግድ ይኑር ባለ ጊዜ እጅግ አነስተኛ ድርሻ ወስኖ ለሕጉ ቃል ታዘዘ።

አንድ ነገር ሳንሸሽግ እንናገር። ራይፋይዘን አራጣን ሲቃወም፣ ከብት ነጋዴዎችና ገንዘብ አበዳሪዎች ከሆኑት መካከል አይሁድ ስለ ነበሩ፣ አይሁድን በጅምላ የሚወቅስ ቃል የተናገረበት ጊዜ አለ። የጥቂቶችን ሥራ በወገናቸው ሁሉ ላይ መጫን ግፍ ነው፤ ይህ ዓይነቱ አነጋገር ኋላ በዚያ አገር ምን እንዳስከተለ ዓለም ስላየው፣ ሰውየውን በመልካም ሥራው ስናነሣ ይህንንም አብረን እንጽፋለን።

የማኅበሩ ሥርዓት ከጀርመን አልፎ ወደ ብዙ አገር ሄደ። በካናዳ፣ በኬቤክ አውራጃ፣ አልፎንስ ዴዣርደን በ1900 ሌቪ በምትባል ከተማ ያቋቋመው የሕዝብ ገንዘብ ቤት እንደዚሁ በደብር ወሰን የተሠራ ነበር። በሕንድ ደግሞ የማድራስ አስተዳደር ፍሬድሪክ ኒኮልሰን የተባለውን ሹም ወደ አውሮፓ ልኮ ነገሩን አስጠና፤ በ1904ም የብድር ማኅበራት ሕግ በዚያ ወጣ። ጀርመን ይህን የኅብረት ሥራ ልማድ የሰው ልጅ ቅርስ ሆኖ እንዲመዘገብ ለዩኔስኮ አቅርባ በ2016 ተመዝግቦላታል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 241 የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። ነገሩ ገና ሥር ሳይሰድ የ1966 ዓ.ም. ለውጥ መጣ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ ተብሎ ታወጀ፤ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር በሚያህል ስፍራ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ተደረገ። ከዚያም በኋላ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚባለው መጣ። መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ የሚሉትን ስሞች በዚያ ዘመን በገጠር የኖረ ሰው አይረሳቸውም። በመልባ ማሳው፣ በወልባ ደግሞ በሬውና ማረሻው ወደ ማኅበር ይገባል፤ ለቤተ ሰቡ የሚቀርለት የጓሮ ቦታ ነው። ብዙው ገበሬ ወደዚህ ማኅበር የገባው በካድሬ ጉትጐታና በልዩ ልዩ ግፊት እንጂ ጎረቤቱን ዐውቆና መርጦ አልነበረም። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት የኢኮኖሚውን መንገድ ለውጦ መውጣት ለሚሻ መውጣት ይችላል ባለ ጊዜ፣ ከእነዚህ ማኅበራት አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ፤ በሬው ወደየጌታው፣ ማሳውም ወደየአራሹ ተመለሰ።

በአንዱ አገር ገበሬ ቤቱንና መሬቱን በገዛ እጁ ዋስ አድርጎ ሲያቆም፣ በሌላው አገር ማሳውንና በሬውን ተነጥቆ ባለማኅበር ተባለ። ሁለቱም ማኅበር የሚል ስም ነበራቸው። ማኅበር የሚለው ስም በብዙ ገበሬ ጆሮ ዘንድ መጥፎ ሆኖ ብዙ ዓመት የቈየው ስለዚህ ነው፤ በ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 147 ወጥቶ ማኅበራት በፈቃድ እንዲቋቋሙ በተደነገገ ጊዜም ገበሬው በጥርጣሬ ያይ ነበር።

ዛሬ በየገጠሩ ባሉት የቁጠባና የብድር ማኅበራት የቬስተርቫልዱ ሥርዓት እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ ስለ ሆነ፣ ገበሬ መሬቱን ለሐራጅ ዋስ አድርጎ ሊያቀርብ አይችልም። ይህ በአንድ በኩል ከሐራጅ ጠብቆታል፤ በሌላ በኩል የሚያስይዘውን አሳንሶበታል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ማኅበር ዋናው መያዣ የቈጠበው ገንዘብና ጎረቤቱ ስለ እርሱ የሚያውቀው ነገር ነው። አንድ አባወራ ወይም እማወራ ወደ እንዲህ ያለ ማኅበር ከመግባታቸው በፊት፣ መዝገቡ በየስንት ጊዜ ለጉባኤ እንደሚነበብ፣ መጠባበቂያው የማን እንደ ሆነ፣ ማኅበርተኞቹ እርስ በርሳቸው በስም ይተዋወቁ እንደ ሆነ ቢጠይቁ ነውር የለበትም።

ስለ ራይፋይዘን የመጨረሻ ዘመን ጥቂት እንጨምር። ሚስቱ በ1863 ሞተች። በ1865፣ በ47 ዓመቱ፣ በሕመምና በዓይኑ መድከም ምክንያት ከሹመቱ ወረደ፤ ጡረታው ትንሽ ስለ ነበረ ለልጆቹ ሲል መጀመሪያ የሲጋራ ፋብሪካ፣ ኋላም የወይን ጠጅ ንግድ ሞከረ። በ1866 ስለ ገጠር ብድር ማኅበራት የጻፈው መጽሐፍ ታተመ፤ በየመንደሩ ማኅበር ለማቋቋም የፈለጉት ሁሉ ከዚያ እየቀዱ ደንባቸውን ጻፉ። ዓይኑ እየጠፋ በሄደ ጊዜ ያነበበችለትና የጻፈችለት ታላቋ ልጁ አማልያ ናት። ደብዳቤውና ደንቡ፣ የመጽሐፉም ቀጣይ እትም በእርሷ እጅ አልፏል። ከአባቷ ሥራ እንዳትለይ ሳታገባ ኖረች፤ አባቷም እንድታገባ አልፈቀደላትም ይባላል፤ ስለ አባቲቱ ብዙ ሐውልት ሲቆም የእርሷ ስም ግን እምብዛም አይነሣም።

ራይፋይዘን ማርች 11 ቀን 1888፣ 70 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው ዐረፈ። በሚከተለው ዓመት በ1889 የወጣው የጀርመን የኅብረት ሥራ ሕግ፣ ማኅበርተኛው እስከ ተወሰነ ገንዘብ ብቻ ኃላፊ የሚሆንበትን ማኅበር ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ቤትን ማስያዝ በሕግ የግድ አልነበረም፤ ሆኖም አብዛኞቹ የገጠር ማኅበራት ለብዙ ዓመታት በቀድሞው ውላቸው ጸንተው ቈዩ።